ጠፍቶ የሚያወራው ኮምፒውተር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ኮምፒውተር ዘይት ላጠጣ ነበር።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስጠግን ነው። መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቱ እንደገና ሲዋቀር፣ የጽሕፈት መኪናዎቹ ወደ መጋዘን፣ እኔ ወደ ቤቴ ተላክን። መጋዘን የገቡት የተሻለ ጡረታ ያገኙ ይመስለኛል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙሉጌታ የሚባል ጎረምሳ መገናኛ አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፈተና በረዳት ጠጋኝነት ቀጠረኝ። በዕድሜ ልጄ፣ በማዕረግ አለቃዬ ማለት ነው።

ያን ቀን ከቤቴ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ስወርድ የዘይት ማንቆርቆሪያዬን በኮት ኪሴ ይዤ ነበር። አንድ የሚንጫጫ ኮምፒውተር ሰጡኝ። ሳጥኑን ፈታሁት፣ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ አየሁና ዘይቴን አወጣሁ። ሙሉጌታ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ አይጠጣም።»

«ታዲያ ለምን ይጮሃል?»

«አቧራ ስለበላ ነው» አለና የቀለም ብሩሽ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሥራዬ መጥረግ ነበር። ሚስቴ ስትጠይቀኝ ግን «የውስጥ ክፍሎችን እፈትሻለሁ» እላት ነበር።

ቀስ በቀስ ሙያው ገባኝ። ሚሞሪ አውጥቶ በላጲስ መወልወል፣ ፓወር ሰፕላይ መቀየር፣ ዊንዶውስ መጫን ተማርኩ። ሲቸግረን ፎርማት እናደርጋለን፤ ለእኛ ፎርማት እንደ ጠበል ነበር፣ የማይሞከርበት በሽታ የለም። ደንበኞች ሽበቴን አይተው «ኢንጂነር» ይሉኛል። አላረምኳቸውም። ሙሉጌታ እውነተኛ ዲግሪ አለው፣ እሱን «አንተ ልጅ» ነው የሚሉት።

በኋላ ሁልጊዜ ክፍት የሆነው የኢንተርኔት መስመር በየቤቱ መግባት ሲጀምር አዲስ ዓይነት ሕመምተኛ መጣልን፤ ኮምፒውተሩ ደህና ሆኖ ባለቤቱ የማይተኛ።

አቶ ተፈራ እንደዚያ ነበሩ። ሲ.ኤም.ሲ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ለአንድ የግል ጋዜጣ አስተያየት ይጽፋሉ። ስልክ ደውለው እኔን ጠሩና «ይምጡ ብቻ፣ በስልክ አይሆንም» አሉ። ስደርስ ሳሎን አላስገቡኝም። ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወስደውኝ ውኃውን ለቀቁትና በሹክሹክታ ነገሩኝ። ኮምፒውተሩን ዘግተው ከተነሡ በኋላም የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። «ጠፍቶ ያወራል» አሉኝ። ማን እንደሚሰማቸው በስም አልተናገሩም፤ ጣታቸውን ወደ ላይ ብቻ ቀሰሩ። በዚያ ዘመን ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር እግዜርን ይሁን መንግሥትን ማለት እንደሆነ ከፊት ይታወቃል።

እኔ ሳቅሁ። ትልልቅ ሰዎች ሊሰሙዎት ቢፈልጉ መብራት አብርተው አይመጡም አልኳቸው። ከዚያ ሙሉጌታ በሲዲ የሰጠኝን ፕሮግራም ጫንኩ። ሥራው የዘበኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወደ ውጭ በተገናኘ ቁጥር መቼ፣ ወዴት፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደተገናኘ ይይዛል።

በሳምንቱ ተመልሼ ከፈትኩት። ዓይኔ ያረፈው እሑድ ጠዋት ላይ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ቸርች በሄደበት ሰዓት ግንኙነቱ ተደርድሯል። የነጥብና የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ምንም አልገባኝም። ያልገባኝን ነገር ራሴን እየነቀነቅሁ የማለፍ ልምድ ስላለኝ ነቀነቅሁ። የፕሮግራሙ ስም ያለበትን ዓምድ አላነበብኩም። ቁጥሮቹ የበለጠ ስላስፈሩኝ የበለጠ እውነት መሰሉኝ።

«እሑድ ጠዋት ቤት ማን ነበር?» አልኩ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ።

የአቶ ተፈራ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉ፣ «እታገኝ ብቻ» አሉ።

እታገኝ የቤት ሠራተኛቸው ናት። ማታ ማታ ትማራለች፤ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል። ከዚያ ቤት ከወጣች የምታድርበት የላትም፤ ማደሪያ ከሌለ ደግሞ ፈተናም የለም። ይህን ሁሉ ወይዘሮ ሙሉ ሻይ ሲያቀርቡልኝ አጫውተውኛል። አውቄ ነው እንግዲህ የተናገርኩት፤

«የጠፋ ኮምፒውተር አይገናኝም። ሰው ነው የከፈተው።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬም ኢንጂነር ነበርኩ።

ልጅቷን ጠሯት። የኮምፒውተሩን አቧራ እንደምትጠርግና ወይዘሮ ሙሉ የጠለፉለትን ልብስ መልሳ እንደምታለብሰው ተናገረች። ከፍተሽዋል ሲሏት አልከፈትኩም አለች። ወይዘሮ ሙሉ ፈተናው እስኪያልፍ ብለው ለመኑ። አቶ ተፈራ ግን የሚሰልለኝን ሰው ቤቴ አላሳድርም፣ ነገ ትውጣ አሉ። ከላይ የጠበቁትን ጠላት ታች ሲያገኙት እፎይ ያሉ መሰለኝ።

ስወጣ የግቢውን በር የከፈተችልኝ እሷው ናት። አላለቀሰችም።

«አባባ፣ ያዩት ነገር ላይ ስሜ አለበት?»

«ስም አይጽፍም፣ ልጄ።»

«ታዲያ እኔ መሆኔን ማን ነገረዎት?»

ታክሲ ውስጥ መልሱን ስፈልግ መገናኛ ደረስኩ። ረዳቱ «አባት፣ መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ባይለኝ እንደገና ሲ.ኤም.ሲ ይመልሰኝ ነበር።

በማግስቱ ሳልጠራ ሄድኩ። ለአቶ ተፈራ አንድ ያልጨረስኩት ፍተሻ አለ አልኳቸው። ከዚያ የመጀመሪያ ቀን ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅሁ፤ እንደ ልማድዎ ይሥሩና እንደ ልማድዎ ይዝጉት፣ እኔ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ሁለት አንቀጽ ጻፉ። አስቀመጡት። መነጽራቸውን አወለቁ። እጃቸውን ዘርግተው የስክሪኑን ቁልፍ ተጫኑ፤ ስክሪኑ ጨለመ። የባለቤታቸውን ጥልፍ እስከ ጠረጴዛው ሥር ድረስ አለበሱትና «ይኸው፣ ዘጋሁት» አሉ።

ተንበርክኬ ጥልፉን ገልጬ ሳጥኑን ዳሰስኩት። ሞቆ ይጉረመረማል።

«ይህኛውን የሳጥኑን ቁልፍስ?» አልኳቸው።

«እሱ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚነካ ነው» አሉኝ፣ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ።

ምስኪኑ ኮምፒውተር ከተገዛ ጀምሮ ያረፈው የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ስክሪኑን አበራሁና ያልተነበበውን ዓምድ አነበብኩ። እየደወለ የሚያድረው አንቲቫይረሱ ነው፤ አዲስ የቫይረስ መድኃኒት ወጥቷል ወይ እያለ ይጠይቃል። በተገዛ ዕለት ጥገና ቤታችን መጥቶ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ሲያልቅበት ራሱ እየጠየቀ እንዲያመጣ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ለሳምንት የተከታተልኩት ሰላይ የራሴ ቅጥር ነበር።

«አቶ ተፈራ፣ የሚያጠፉት መስኮቱን ነው። ቤቱ እንደበራ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ቀላ። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና፣ «እርስዎ ኢንጂነር አይደሉም እንዴ? ይሄንን ትናንት እንዴት አላዩትም?» አሉኝ።

«አይደለሁም። የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነኝ።»

እታገኝ ሻንጣዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች። አቶ ተፈራ ወጥተው ዕቃሽን መልሺ አሏት።

«ማን ሆኖ ተገኘ?» አለች።

«ማንም አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሙሉ።

እኔ ግን የቀረኝ ማዕረግ ስላልነበረ፣ «እኔ ነኝ፤ ያስደወለውም ያንቺን ስም ያስነሣውም» አልኳት። ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ፈተናዋን ተፈትና አለፈች። ውጤቱ በመጣ በወሩ አቶ ተፈራ እንድትቀር እየለመኗት በራሷ ፈቃድ ወጣች፤ አያት አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ካሸር ሆና ገባች። እዚያ ታክሲ ስጠብቅ ካየችኝ በር ላይ ወጥታ፣ «አባባ፣ ዛሬ ማንን ያዙ?» ትለኛለች። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እኔም «እስካሁን ራሴን ብቻ» እላታለሁ።

በዚህ ሙያ ላላችሁ ልጆች፦ ደንበኛ «አጥፍቼዋለሁ» ሲል ሲያጠፋ እዩት። ሳጥኑን በእጃችሁ ዳስሱት። የሚደውለውን ፕሮግራም ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሰው ከመጠርጠር በፊት የሚሠራው ይህ ነው፤ የሚፈጀውም ሻይ አንድ ጊዜ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ ነው።