የፈረስ ገጣባና የእኔ እግር

በቆሰበር ዙሪያ የፈረስ ገጣባ እንደ እኔ የሚያክም ሰው አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደሉንም የፈረሱንም ነገር በራሴ ነው የደረስኩበት። ኮርቻ ጀርባውን የላጠውን ፈረስ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ሳይቀር እየሳቡ ያመጡልኝ ነበር። ባለቤቱ ቁስሉ ላይ የደረቀውን ጨርቅ ሊገነጥል እጁን ሲዘረጋ በአለንጋ እመልሰዋለሁ። ለብ ያለ የጨው ውሃ አፈስበትና የፈረሱን አንገት እያሻሸሁ እጠብቃለሁ። ጨርቁ ራሱ ለቆ ይመጣል።

ስኳር ከያዘኝ በኋላ እግሬ ደንዝዞ ስለነበር ጫማዬ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስረግጣት አልታወቀኝም። ሲቆስል ያላመመኝ እግር ሲታጠብ ግን ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ጤና ጣቢያ ነርሷ፣ «አባባ፣ ፋሻው ደርቋል፤ ካመመዎት ላርጥበው?» አለችኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ያውቀኛል።

«እኔን? ሳቢው!» አልኳት።

ሳበችው። እንደ ፍየል ጮህኩ። ከመጋረጃው ወዲያ አንዱ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ መሄድ ተውኩ። ለሚስቴ «ድኗል» አልኳትና እግሬን በጋቢ ሸፈንኩ። ሽታው ግን አልሸፈን አለ። ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ የተቀመጠበትን ዱካ ወደ በሩ ሲያስጠጋ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ እንደወጣ ሚስቴ ጋቢውን ገለጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ሊቆረጥ ነው እኮ!»

«ሲፈቱት ያማል» አልኳት በቀስታ።

«ለነርሷ ነግረሃታል?»

ጋቢውን መልሼ እግሬ ላይ ሳብኩት።

«ለፈረስ የሚያዝን ሰው! ለአንተስ ማን አለንጋ ይያዝልህ?»

በባጃጅ ወሰደችኝ። ወረፋው እንደዚያ ቀን ሙሉ ነው። ነርሷ ፊት ስንደርስ ሚስቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ያመኛል» አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ፊቴ እሳት ሆነ።

ነርሷ አልሳቀችም። መጀመሪያ የማስታገሻ ክኒን አስዋጠችኝና እስኪሠራ ውጭ አስቀመጠችኝ። ስመለስ እግሬን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ከፍ አድርጋ ፋሻውን በጨው ውሃ አራሰችው። «ካመመዎት እጅዎን ያንሱ፤ አቆማለሁ» አለችኝ።

ትንሿ ጣቴ በኋላ ብትቆረጥም እግሬ ተርፏል። ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ አንገቴን እያሻሸች እንደነበር ነው። አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ እጄን አነሳሁ።

ነርሷ አቆመች።