ዳማ ያለ ጌታው

ዛሬ ወልድያ ገበያ አንድ የጋሪ ፈረስ ታክኮኝ ሲያልፍ፣ ላብ የጠጣ ቆዳ ሸተተኝና የአባቴ ፈረስ ዳማ ትዝ አለኝ።

አባቴ በዳማ ተቀምጦ ገበያ ሲወርድ ውሻችን መቻል ሁልጊዜ ቀድሞት ይሮጥ ነበር። አባቴ ያረፈ ዕለት፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ዳማን ጭነው ያለ ጌታው ለቅሶው መሃል አወጡት። ሴቶቹ ለቅሶውን አቀለጡት። መቻል ግን ኮርቻውን ሲያይ ገበያ የሚሄዱ መስሎት፣ ጭራውን እየቆላ በወልድያ መንገድ ሮጠ። ልጠራው ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው ልጄ። ለሱ እንኳ አባትሽ ትንሽ ይቆይለት።»

ያኔ አልገባኝም። መቻል የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እስኪመሽ ወደ ቤት ያይ ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔም ገበያ ስወርድ፣ እዚያች መታጠፊያ ላይ ቆም ብዬ ወደ ኋላዬ አያለሁ።