ከታሸገው በር ያልገባው ፍላሽ

ሰኔ ሠላሳ ቀን ጎንደር ላይ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ዝናብና ቆጠራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቆጥራል፤ መሥሪያ ቤቱ ወንበሩን። ስሙን በማናነሳው የገበሬዎች ዩኒየን ግቢ በዚያ ጠዋት ሳይቆጠር የተረፈው የዘበኛው ጥርስ ብቻ ነበር፤ እሱም አፉን ገጥሞ ስለያዘ ነው።

የዩኒየኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ዕንባቆም የሚሠራው ግምጃ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ሲገዛ ማስቀመጫ ጠፍቶ ከመለዋወጫ ጎማና ከተሰበረ ሚዛን ጋር ተዳበለ። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጃቸው ድጓ ይዘልቃል ብለው ሲጠብቁ ወደዚህ ሥራ ስለገባባቸው፣ «ልጄ እንደ በሬ የሚያገሳ፣ ግን የማያርስ ሣጥን ይጠብቃል» እያሉ ለጎረቤት ያማርራሉ። አያርስም ማለት ግን ግፍ ነው። ከኮላ ድባ እስከ ማክሰኝት የእያንዳንዱ ገበሬ የማዳበሪያ ድርሻ ያለው እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው። ኮላ ድባ መጋዘን ያለችው ሠራተኛ ስም ስትጽፍ፣ ሣጥኑ ጎንደር ሆኖ «ስጪው» ይላል። ካላለ አንድ ፍሬ አይወጣም።

ያን ጠዋት ዕንባቆም ከሰርቨሩ ጀርባ በደረቱ ተኝቶ ገመድ ያስተካክላል። የማራገቢያው ጩኸት እንኳን የሰው ኮቴ፣ ታንክ ቢያልፍ አያሰማም። ቆጣሪዎቹ ገቡ፣ ጎማውን ቆጠሩ፣ ወጡ፣ ቆለፉ፣ በሩ ላይ ባለ ፊርማ ወረቀት ለጥፈው ማኅተም መቱበት። እሱ አቧራውን አራግፎ ሲነሳ በሩ አልገፋ አለው።

«እትዬ ሸዋአየሁ፣ ይክፈቱልኝ» አለ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊዋን።

«ማነው?»

«ዕንባቆም ነኝ።»

«ምነው፣ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«የምሠራበት ነዋ።»

«ቆጥረን አሸግን እኮ።»

«ታዲያ ይክፈቱታ።»

«በአንድ እጅ የሚከፈት መሰለህ? የእኔ ፊርማ አለበት፣ የሥራ አስኪያጁ አለበት፣ የኦዲተሩ የአቶ ሙሉሰው አለበት። እሱ ደግሞ ፈርሞ ሲያበቃ ለቅሶ ብሎ አይከል ሄዷል፤ ስልኩም አይሠራ። ሦስታችን ሳንቆም ማኅተም የቀደደ እስር ቤት ነው የሚገባው።»

«እኔስ የት ነው ያለሁት?»

«አንተማ በሥራ ገበታህ ላይ ነህ።»

ዕንባቆም ዙሪያውን አየ። መስኮቱ ሌባን በመፍራት በብሎኬት ከተደፈነ ቆይቷል። ከደጅ የሚመጣ ነገር ቢኖር ከበሩ ሥር ባለችው ስንጥቅ የምትገባ ብርሃን ናት።

በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ። ከላይ ፎቅ የሥራ ባልደረባው ጦይባ ናት።

«ማስጠንቀቂያውን አይተኸዋል? ሰርቨራችን የሚሠራበት ፕሮግራም ቀዳዳ ተገኝቶበታል። የትም አገር የተቀመጠ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ገብቶ እንደ ሎሌው ሊያዘው ይችላል። ማስተካከያው ወጥቷል፤ ሌቦቹ ግን ያላስተካከለውን እያሰሱ ነው።»

ዕንባቆም በሩንና ገመዱን አፈራርቆ አየ። በሩ ላይ ፊርማና ማኅተም፣ መስኮቱ ላይ ብሎኬት፤ በዚያች ቀጭን የኢንተርኔት ገመድ በኩል ግን ዓለም ሁሉ ጫማውን ሳያወልቅ ይገባል። የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ሁለተኛ ሣጥን እንዲገዛ ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄው ዛሬም እየታየ ነው። ድርሻው አንዴ ከጠፋ ማን ምን እንደሚወስድ የሚያውቅ የለም፤ የዘር ወቅት ደግሞ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ምንዳዬ ደወለ። «ማስተካከያው እስኪገባ ገመዱን ልነቅለው ነው።»

«እንዳትሞክራት። ኮላ ድባ ገበሬው ተሰልፏል።»

«ሌባ ገብቶ ድርሻውን ቢያጠፋውስ?»

«ጠፍቷል?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ በቁሙ ምን ያስለቅስሃል?»

ስልኩ ተዘጋ። ስክሪኑ ላይ ግን አንድ የማይታወቅ አድራሻ እንደ ጅብ ይዞር ጀመር። ይነካካል፣ ይሄዳል፣ በሌላ በኩል ይመለሳል። ዕንባቆም ጥቂት አየውና ገመዱን ነቀለው።

አቶ ምንዳዬ ለመደወል አልዘገዩም። ጩኸቱ በስልኩ ይምጣ በጣራው አልለየም። «መልሰህ ሰካ፤ አለዚያ ከዚያ ክፍል የምትወጣው የስንብት ደብዳቤ ይዘህ ነው።»

«መውጣቱ ከተገኘ ደብዳቤው አይከፋም» አለ ዕንባቆም፤ አልሰካም።

በዚያ ግንብ ውስጥ ስልኩ ድምፅ እንጂ ፋይል አያሳልፍም። ስለዚህ ጦይባ ማስተካከያውን በፍላሽ ገልብጣ እየሮጠች ወረደችና በበሩ ሥር ልታሾልከው ጎንበስ አለች። ወይዘሮ ሸዋአየሁ በጫማቸው ስንጥቁን ደፈኑት።

«አይገባም።»

«እትዬ፣ ጣት የምታክል ናት።»

«ትንኝ ብታክልስ? ዕቃ ሲጎድል ሰረቅሽ ይሉኛል። ሲተርፍ ደግሞ ልትሰርቂው አዘጋጅተሽው ነው ይሉኛል። ከጉድለት ትርፍ ይብሳል፣ ልጄ።»

ጦይባ ብትለምን፣ ዕንባቆም ከውስጥ ቢምል፣ ጫማው አልተነሳም። ያኔ የሴትዮዋ ስልክ ጮኸ። ወንድማቸው አያ ባዬ ከኮላ ድባ ነው፤ ድምፁ እስከ ጓዳው ይሰማል።

«ሸዋዬ፣ ማሽኑ ቆሟል ብለው መለሱን። ሰማዩ ተንዷል፣ ዘሩን ያለ ማዳበሪያ ልበትነው ነው? ዕንባቆም የሚሉት ሰው ነው የነቀለው አሉ። ታውቂዋለሽ?»

«በር ነው የሚለየን» አሉና ዘጉ።

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ከኮታቸው ሥር መቀነታቸውን ይፈቱ ጀመር። የእሳቸው መቀነት ተፈትቶ አያልቅም፤ ዘርግተው ቢያስሩት ፋሲል ግንብን ዞሮ ይተርፋል ይባላል። አንዱን ጫፍ ፍላሹ ላይ አሰሩ፤ ሌላውን እጃቸው ላይ ጠመጠሙ።

«ስሙኝ። ጫፉ እጄ ላይ እስካለ ድረስ ይህ ዕቃ አልገባም። ጦይባ፣ አንቺ ምስክር ነሽ።»

ጫማው ተነሳ። ፍላሹ በስንጥቁ ሾለከ። ዕንባቆም መቀነቱን እየጎተተ፣ በጎማው ላይ አሻግሮ ሰርቨሩ ላይ ሰካው።

ማስተካከያው ጭነት እንደ በዛበት ጉንዳን ቀስ እያለ ይሄዳል። መሐል ላይ መብራት ሄደ። ሰርቨሩ በባትሪ ነፍሱን ይዞ ሲያቃጭል ዕንባቆም በላዩ ላይ ጎንበስ አለ፤ ትንፋሹን ቢያበድረው ባበደረው። ጦይባ ጄኔሬተር ልታስነሳ በዝናቡ ሮጠች። ሸዋአየሁ መቀመጫ ፍለጋ እንኳ ከበሩ መራቅ አልቻሉም፤ በመቀነቱ ታስረዋል።

«ልጄ፣ በሕይወት አለህ?»

«አለሁ። እንዳይጎትቱት ብቻ።»

ጄኔሬተሩ አጓራ። ማስተካከያው አለቀ። ዕንባቆም ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው፣ የገባ እጅ እንዳለ ፈተሸ፤ አልነበረም። ገመዱን መልሶ ሰካ። ወዲያው ከኮላ ድባ የመጀመሪያው ስም መጣ፤ ሣጥኑም «ስጪው» አለ።

ሸዋአየሁ መቀነታቸውን ስበው ፍላሹን ለጦይባ አስረከቡ። አያ ባዬ ማዳበሪያውን ጋሪ ላይ ጭኖ ደወለ፤ «ያን ሰው ሸጋ ነው በይልኝ» አለ።

«ሸጋ ነህ ተብለሃል» አሉት በበሩ።

«እኔንስ መቼ ነው የምታወጡኝ?»

«አንተማ ሲታሸግ ውስጥ ነበርክ፤ ሦስታችን ሳንፈርም ብትወጣ ጉድለት ትሆንብኛለህ።»

ዕንባቆም ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣ። ሥራ አስኪያጁ አልደወሉም፤ ይቅርታም ስንብትም አልመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አይከል የሄደው ሰው ስልክ አሁንም ዝግ ነው።

ከውጭ በርጩማ ሲጎተት ተሰማ። ሸዋአየሁ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን በሩ ላይ ደገፍ ሲያደርጉ ሳንቃው ቃ አለ።

«አትፍራ። ሙሉሰው እስኪመጣ እኔም ወደ ቤቴ አልሄድም።»

ዕንባቆምም በወዲህ በኩል ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ።