ጉልበቴ መታጠፍ የተማረበት ክፍል

ክልሉ ገና በተቋቋመባቸው ዓመታት አሶሳ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ሰሌዳው ቀለሙ ሳይደርቅ ይሰቀላል። እኔ ደግሞ የየሰሌዳውን የፊደል ስሕተት እየለቀምኩ ለየኃላፊው መንገሩን ሥራዬ አድርጌው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ዛፉ ላይ የሚወጣ ተማሪ ወላጁን ይዞ እንደሚመጣ አስጠነቀቅኩ። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ግቢው ጭር ሲል፣ እኔው ወጣሁበት። ተማሪዎቹ ታች ታቹን ለቅመው ጨርሰው ጫፉ ላይ አንዲት ብስል ቀርታ ነበር። እሷን ይዤ ወረድኩ፤ አወራረዴ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። የጉልበቴ ሎሚ ተሰነጠቀ።

ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ሲፈታ፣ ከውስጡ የወጣው እግር የእኔ አልመስል አለኝ። ቀጥኗል፤ አልታጠፍም ብሏል። ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራኝ። ክፍል ይባል እንጂ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጎን የተለቀቀች ጠባብ ቤት ናት። አንድ አልጋና አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች አሉ። መሐል ላይ ደግሞ ታማሚ በሁለት እጁ ተደግፎ የሚራመድባቸው ሁለት የቀርከሃ አግዳሚዎች ተተክለዋል። ከአዲስ አበባ የተመደበችው ወጣት ባለሙያ፣ ብረቱ እስኪመጣ ብላ ባናጢ ያሠራቻቸው ናቸው።

እንዴት እንደወደቅኩ ስትጠይቀኝ ከሞተር ሳይክል አልኳት። ሞተር ሳይክል ሊኖረኝ ቀርቶ መንዳትም አልችልም።

ቤቴ ሆኜ ጠዋትና ማታ ጉልበቴን እንዳጥፍ አዘዘችኝ። ያማል፤ ስለዚህ ተውኩት። ስትጠይቀኝ ግን ሠርቻለሁ አልኩ። የጉልበቴን መታጠፍ በመለኪያ ለካችና ካርዴ ላይ ጻፈች። አጮልቄ ሳይ ያለፈው ሳምንት ቁጥር ነው። የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሠራሁ የሚል ተማሪ ስቀጣ የኖርኩ ሰው፣ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

በእኔ ሰዓት የሚመጡ አንዲት የበርታ እናት ነበሩ። ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአህያ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። አግዳሚዎቹን በተራ እንጠቀማለን። አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን ይቀላቅላሉ። ወንድ ልጃቸውን «ልጄ መጣች» ይላሉ፤ እኔ ካልጋዬ ሆኜ «መጣ ነው የሚባለው፣ እማማ» እላለሁ። አንድ ቀን አግዳሚዎቹ መሐል ደክሞኝ፣ ቀርከሃውን ሙጭጭ አድርጌ ቆሜ ሳለ እንደ ልማዴ አረምኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«አፍህ ጤነኛ ነው» አሉ። «እግር ነው የታመመች። እግሩን አስተምር።»

ባለሙያዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ማንጎ በዘንቢል ይዘው ሊጠይቁኝ ክፍሉ ድረስ መጡ። በትሕትና እጅ ነሥተው፣ «ተማሪዎቹ ናቸው የላኩልዎ፣ መምህር» አሉኝ። «ከዚያው ከወደቁበት ዛፍ ነው።»

ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁ ኖሯል። እኔ ግን ምስጢሬን የጠበቅኩ መስሎኝ ስንት ሳምንት ስለ ሞተር ሳይክል አደጋ ሳወራ ከርሜያለሁ።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። «ከዛፍ መውደቅዎን ቢነግሩኝ ወገብዎንም እመረምር ነበር» ብላ ወዲያው አስተኝታ አከርካሪዬን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ደህና ነበር። በሆዴ ተኝቼ፣ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀብሬ፣ የቤት ሥራዬንም ሠርቼ እንደማላውቅ ተናዘዝኩ። ፊቴን ሳላሳይ መናዘዙ ቀሎኛል።

አሮጊቷ ከወንበራቸው ሆነው፣ «እኔ ከአህያ ወደቀ» አሉ። «አገር ሁሉ ሰማች። ምንም አልሆነም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሳቸው ያዙኝ። አግዳሚዎቹ መሐል ስገባ እርምጃዬን በበርታኛ ያስቆጥሩኛል። አንዱን ቁጥር አበላሽቼ ከጠራሁ ወደ መነሻዬ መልሰው ከአንድ ያስጀምሩኛል። እግሬን ይበልጥ ያራመደው የባለሙያዋ ምክር ይሁን የእኔ ኮልታፋ በርታኛ እስካሁን አልለየሁም። ቤቴም ሆኜ እያለቃቀስኩ ማጠፍ ጀመርኩ። በካርዴ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ አለ።

እርሳቸው ከእኔ በፊት ዳኑ። የሄዱ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ የሆስፒታሉን ደረጃ ወረዱ። ልሸኛቸው በክራንች ተከተልኳቸው፤ ጥሩ የስንብት ንግግርም አዘጋጅቼ ነበር። አላስጀመሩኝም። ጉልበቴ ላይ እጃቸውን አኑረው በዐረብኛ ዱዓ አደረጉልኝና ልጃቸው ወዳቆመው መኪና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም።

በዓመቱ መጨረሻ ያለ ክራንች መራመድ ቻልኩ። ጉልበቴ ግን ሙሉ በሙሉ ታጥፎ አያውቅም። ሰው ቤት ሄጄ ዝቅ ያለ በርጩማ ሲሰጡኝ ቀኝ እግሬ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይቀራል፤ የማያውቀኝ ሰው ኩራት ይመስለዋል።