ቀዝቃዛ አየር ለመተሐራ መንገድ

ገሠሠ ከአሰብ የመጣው በ1983 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሚስቱ ከሣራና ከአንድ ሻንጣ ጋር ነው። እዚያ አሥራ አራት ዓመት የኖረው በአንድ ሙያ ነበር፤ የመኪና አየር ማቀዝቀዣ፣ ሰው ባጭሩ ኤሲ የሚለውን፣ መግጠምና መጠገን። አሰብ ላይ ይህ ሙያ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ክብርም ነበር። ሐምሌ ላይ ኤሲው የተበላሸበት ሰው ከሐኪም አስቀድሞ ገሠሠን ይፈልጋል። አዲስ አበባ፣ መካኒሳ መንገድ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ ተከራይቶ ሥራ ሲጀምር ግን ብርድ አገር መግባቱ ገባው።

በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ፍሪጅ እንጠግናለን» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ «የመኪና ኤሲ እንገጥማለን» አለበት። በፍሪጁ ሰው መጣ። በሁለተኛው መስመር ግን አምስት ዓመት ሙሉ የመጣለት ቀልድ ብቻ ነበር። አጠገቡ ጎማ የሚለጥፈው ተካ «መስኮት ዝቅ ማድረግ እያለ ማን ኤሲ ብሎ ይመጣልሃል?» ይለዋል። ገሠሠ አብሮ ይስቃል። ጽሑፉን ግን ክረምቱ ባጠበው ቁጥር መስከረም ላይ ያድሰዋል፤ ሣራም ለምን እንደሚያድሰው ጠይቃው አታውቅም።

በ1988 መጋቢት መጨረሻ ላይ አንዲት ሰማያዊ አሮጌ ፔጆ ፒካፕ በሩ ላይ ቆመች። ከውስጧ የወረዱት ጋሽ ለሜሳ የሚባሉ የጎፋ ሰው ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ደንዳና፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ከመተሐራ ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሦስቱን በዚህች በፔጆዋ። ጣታቸውን ወደ ሁለተኛው መስመር ቀሰሩና እውነት እንደሆነ ጠየቁት። ገሠሠ እውነት ነው አላቸው።

ነገሩን ቆመው አስረዱት። የካቲት ላይ ከመተሐራ ሲመለሱ፣ ወለንጪቲ አካባቢ ሙቀቱ ራሳቸውን አዞራቸውና መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከግራር ግንድ ጋር ተላተመች። እሳቸው ምንም አልሆኑ፤ የተሰበረው የፊት መብራቷ ነው። ሐኪሙ መርምሮ ደም ብዛት አለብዎት፣ ከሙቀት ይራቁ አላቸው። ሥራውን ለመተው ደግሞ ልባቸው እሺ አላለም።

«እኔ ከሙቀቱ መራቅ አልቻልኩም» አሉት። «አንተ ሙቀቱን ከእኔ አርቅልኝ።»

ገሠሠ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ብዙ አየ። መኪናዋ ስትሠራ ኤሲ የሚባል ነገር አልታሰበላትም። ኮምፕሬሰር የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞር ተጨማሪ ቺንጋ የሚገባበት የለም፤ ዲናሞዋም ደካማ ናት። ዓይኑ ግን ገና ሳያዘው ከባትሪው ጎን ያለችውን ክፍት ቦታ መለካት ጀምሮ ነበር። ይቻላል አላቸው፤ ዕቃ እስኪያፈላልግ ሳምንት ቆይተው እንዲመለሱ ተስማሙ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ወደ ሱቁ ገቡ። ፍሪጅ የሚያስጠግኑ መስሎት ወንበር ሳበላቸው። ሴትዮዋ ትሩፋት እንደሚባሉና የጋሽ ለሜሳ ባለቤት እንደሆኑ ነገሩት። ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ወጥተዋል፤ ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከአደጋው ወዲህ መኪናዋ ትሸጥ ብለው ሲለምኑ ቆይተው፣ በስንት ክርክር ባላቸው አንድ ቃል ሰጥተዋቸዋል። ኤሲ የሚገጥምላት ሰው ከጠፋ ሊሸጧት።

«አይቻልም በለው፣ ወንድሜ» አሉት። «ከሌላ ሰው ቢሰማው አያምንም። ካንተ ከሰማ ግን ያበቃል።»

ገሠሠ ጨርቅ አንሥቶ እጁን ይጠርግ ጀመር።

«እሱ ሲሄድ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ያንን መንገድ ከሱ በላይ እነዳዋለሁ» አሉ ትሩፋት። «አሁን ናዝሬት ደረሰ፣ አሁን ወለንጪቲን አለፈ እያልኩ። ሠላሳ ዓመት ነድቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን አይቼው አላውቅም።»

ሲወጡም መልስ አልጠበቁም።

ማታ ራት ላይ ለሣራ ነገራት። ሣራ አንድ አንድ እየጎረሰች እስከ መጨረሻው ሰማችው። አምስት ዓመት የጠበቀው ሥራ እንደሆነ ታውቃለች፤ ስለዚህ ይሆናል ቶሎ ያልመለሰችለት። በኋላ ግን፣ ባሏን እንዲዋሽላት ሰው መለመን ለትሩፋት ቀላል እንዳልሆነ፣ ይህን ያደረገች ሴት ፍርሃቷ የምር እንደሆነ ነገረችው። እሱ መዋሸት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ግን እሷም አታውቅም። ሥራውን ስለ ናፈቅህ ብቻ እሺ እንዳትል፣ ስለ ፈራህም እንቢ እንዳትል አለችው።

ገሠሠ ሁለት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ለሜሳ ገበያ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቆ ጎፋ ወደ ቤታቸው ሄደ። ትሩፋት በረንዳ ላይ የሽሮ እህል እየለቀሙ ነበር።

«እትዬ ትሩፋት፣ የሚቻለውን አይቻልም ማለት አልሆነልኝም» አላቸው። «የመጀመሪያውን ጉዞ ግን አብሬያቸው እሄዳለሁ። ካልሆነላቸው አይሆንም ብዬ የምነግራቸው እኔ ራሴ ነኝ።»

ትሩፋት ቀና ብለው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አላላቸውም፤ አልተቆጡምም።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከተገለበጠች የቤት መኪና ላይ የተፈታ ኮምፕሬሰር፣ አሮጌ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አገኘ። መያዣውን ራሱ ከወፍራም ብረት ቆርጦ አስበየደ፤ ሁለት ጊዜ ስላልገጠመ ሁለት ጊዜ ፈታው። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ቺንጋው የሚሽከረከርበትን ክብ ብረት አስወጣ። የሙቀት ማስወጫውን ወንፊት መሰል ብረት ከራዲያተሩ ፊት አሰረው፤ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋውን ሣጥን ከዳሽቦርዱ ሥር፣ የተሳፋሪው እግር በሚያርፍበት በኩል ሰቀለው። ጋዙ ያው ለፍሪጅ የሚሞላው ነው። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለው አየር መመጠጥ ስላለበት፣ ከሞተ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕሬሰር ገልብጦ መምጠጫ አደረገው። በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀብቶ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። አንዱ ጋ አረፋው ፊኛ ሠራ፤ አጠበቀው፤ እንደገና ቀባ። ጋሽ ለሜሳ በየቀኑ እየመጡ ቆመው ያዩት ነበር።

ሞተሩ ተነሥቶ የመጀመሪያው ቅዝቃዜ ሲመጣ ተካ ጭንቅላቱን በመስኮት አስገብቶ ፊቱን አስመታ። ሚያዝያ ነበር፤ ሰማዩ ደመና ይዞ ነፋሱ ከእንጦጦ ይወርዳል። ብርድ አለው ብሎ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሡ። ናዝሬትን አልፈው ሜዳው ላይ ሲወርዱ ፀሐይዋ ጠነከረች፤ ገሠሠ መስኮቱ እንዲዘጋ ጠየቀና የኤሲውን ቁልፍ ተጫነ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በጋቢናው ውስጥ የጎፋ ጠዋት ሆነ። ውጭ ግን ግራሮቹ አይንቀሳቀሱም፤ ፍየሎች ሳይቀሩ ከጥላ ሥር ተኝተዋል። ገሠሠ እጁን የመስኮቱ መስታወት ላይ ሲያደርግ ተፋጀ። ይህን መስታወት ያውቀዋል። አሰብ ላይ እንዲህ እጁን መስታወት ላይ አድርጎ ሥራው መሳካቱን ይፈትን ነበር። ፊቱን አዙሮ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ጋሽ ለሜሳ ብዙ መንገድ ነዱ። መተሐራ ሲቃረቡ ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረብ ካወጡ በኋላ፣ ግንባራቸው ደረቅ ሲሆንባቸው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

መመለሻው ላይ ነገሩ ተለወጠ። መኪናዋ ሽንኩርት ጭናለች፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሆኗል። ከወለንጪቲ ወዲህ መንገዱ ዳገት ሲይዝ የሙቀት መለኪያዋ እጅ ወደ ቀዩ ተጠጋች። ገሠሠ ገባው። ራዲያተሩ ፊት የሰቀለው ብረት የሞተሩን ነፋስ ከልሎታል፤ ጭነትና ዳገት ሲጨመርበት ሞተሯ አልቻለም። ኤሲውን አጠፋውና መስኮቱን ከፈተ። ሙቀቱ እንደ እቶን ገባ። ብዙ ሳይሄዱ የጋሽ ለሜሳ ፊት አመድ መሰለ፤ መሪው ላይ ያለው እጃቸው ሲላላ አየ። ሳይነግራቸው ራሳቸው ዳር አውጥተው አቆሙ። ወርደው የመኪናዋን ጥላ ተጠግተው ውሃ ጠጡ፤ ከዚያ ቁልፉን ዘረጉለት። በሃያ ሦስት ዓመት ፔጆዋን ሌላ ሰው ሲነዳት ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ናዝሬት ገብተው ሻይ ቤት ተቀመጡ። ፊታቸው መልኩን ከያዘ በኋላ ገሠሠ ጥፋቱን ሳይሸፍን ነገራቸው። ራዲያተሩን አስቀድሞ ማወፈር ነበረበት፤ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ፋንም ማከል ነበረበት። ሁለቱንም ያደርጋል፤ ለዚህ ምንም አይቀበልም።

«ትሩፋት መጥታ ነበር፣ አይደል?» አሉት ጋሽ ለሜሳ።

ገሠሠ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንተ ጋ ከመጣሁ በኋላ መጨቃጨቁን በአንድ ቀን ተወችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይሄ አይጠፋኝም። ምን አለችህ?»

«የነገሩኝን ለእሳቸው ልተውላቸው» አለ ገሠሠ። «የእኔን ግን ልንገርዎት። ማሽኑን አስተካክለዋለሁ፤ ዳገቱን ይወጣል። ብቻዎን ግን መሄድ የለብዎትም። ይሄ በማሽን አይስተካከልም።»

ጋሽ ለሜሳ ሻያቸውን ጨረሱ። ቆይተው ተነሡና ወደ መኪናዋ ሄደው በተሳፋሪው በኩል ገቡ።

ጎፋ ሲደርሱ ትሩፋት በሩን ከፈቱ። መሪው ላይ ገሠሠን፣ ከጎኑ ባላቸውን አዩ፤ ምን ሆናችሁ ሳይሉ እጃቸውን ይዘው አወረዷቸው። ገሠሠ ቃሉን ለመፈጸም የሆነውን ሁሉ፣ የራሱን ስሕተትም፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ለሁለቱም ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእነሱ ነበርና ሻዩን ሳይጠብቅ ሄደ።

በሳምንቱ ራዲያተሩ ወፈረ፣ ፋኑም ገባ። ፔጆዋን ጭነት ጭኖ ዳገት ለዳገት ሞከራትና መለሰላቸው። ጋሽ ለሜሳ አመስግነው ወሰዷት፤ ምን እንደ ወሰኑ አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም። ተሸጣለች ብሎ አሰበ። ለሣራም እንዲያ አላት።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሲጀማምር፣ ሰማያዊዋ ፔጆ እንደገና በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ለሜሳ መሪው ላይ ናቸው፤ ከወዲያኛው በር የወረዱት ደግሞ ትሩፋት፣ ባንድ እጃቸው የራሰ ጫማ አንጠልጥለው።

«ወንድሜ፣ ይሄ የሰቀልከው ነገር መተሐራ በደረስን ቁጥር እግሬ ላይ ውሃ ያፈሳል» አሉት።

ገሠሠ «በደረስን ቁጥር» የሚለውን ሰምቶ ባለበት ቆመ። ከዚያ የእጅ ባትሪውን ይዞ ጋቢናው ወለል ላይ በጀርባው ተጋደመ። የፍሳሹ ቱቦ በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ሽቦ አስገብቶ ይጠርግ ጀመር። ትሩፋት ከበሩ ላይ ሆነው ያወሩለታል። ይሄ አራተኛ ጉዟቸው ነው። የሚሄዱት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቀትሩን መተሐራ ጥላ ላይ አሳልፈው ፀሐይዋ ስትበርድ ይመለሳሉ። የኤሲው ቁልፍ በትሩፋት እጅ ነው። የባሰቃ ሐይቅን አይተዋል፤ ውሃው እንዲህ ለመንገዱ እንደሚጠጋ ለሜሳ አንድ ቀን ነግሯቸው አያውቅም። ወለንጪቲ ላይ ያቺን ግራር አሳየኝ ብለው አስቁመው ወርደዋል፤ ቅርፊቷ ተላጧል እንጂ ቆማለች።

ገሠሠ ውሃው ከማሽኑ ሳይሆን ከአየሩ እንደሚመጣ፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ እንደሚንጠባጠበው ዓይነት መሆኑን ከወለሉ ላይ ሆኖ አስረዳቸው። ትሩፋት እንዳላመኑት ከድምፃቸው ታወቀ። ቱቦው ተከፈተና የቀረው ውሃ ፊቱ ላይ ወረደ። ጋሽ ለሜሳ መሪውን እንደ ያዙ ሳቁ፤ ሲስቁ ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው።

ተነሥቶ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ትሩፋት ጫማቸውን አጥልቀው ወደ መቀመጫቸው ገቡ፤ እግራቸውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አድርገው ወለሉን ፈተሹ።

«ደግሞ ቢያፈስ እመለሳለሁ» አሉት።

«ይመለሱ» አለ ገሠሠ፤ በሩንም ዘጋላቸው።