እርጥቡ ጠፍር

ሊሙ ገነት ላይ ከገበያ ስመለስ ያዙኝ። የሚፈልጉት ልጄን ነበር። "የት ነው?" አሉኝ፤ አላውቅም አልኩ። እንደማውቅ አውቀዋል።

ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው፤ ጥጉ ላይ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና ተረስቶ ቀርቷል። ካቴና አልቆባቸው ነው መሰል፣ ወጣቱ ጠባቂ ከባልዲ ጠፍር አውጥቶ እጄን አሰረኝ። ልስልስ ያለ፣ ቀዝቃዛ።

"ከብረት ይሻልሻል፣ እናቴ። ልጅሽ ያለበትን ስትነግሪኝ እፈታልሻለሁ።"

እኔም አመሰገንኩት።

ውስጥ አንዲት የጅማ አሮጊት ነበሩ፤ ከባላቸው ጋር የጠፍር አልጋ ሲሠሩ የኖሩ። እጄን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ማሎ! እርጥብ ነው እንዴ?"

"አዎ እማማ፣ ለስላሳ ነው።"

"አሁን ነው ለስላሳ። እኛም አልጋ የምንወጥረው በእርጥቡ ነው። ሲደርቅ እንጨቱን ያጎብጠዋል።"

ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትይዘው ጀንፈሉ ማንም ሳይነካው ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ከእጄ ላይ ጠፍሩ መለሰለት። ቂጭ። ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። የሞተ በሬ ቆዳ፣ ውሃው ሲወጣለት ነፍስ የዘራ መሰለኝ። ጣቶቼ መጀመሪያ እንደ እሸት ቡና ቀሉ፣ ኋላ ጠቆሩ።

"ትናገሪያለሽ?" አለ ጠባቂው ከበሩ ውጭ።

የቦታው ስም ምላሴ ላይ ደርሷል። አሮጊቷ አፌን በመዳፋቸው ያዙኝና ለውዱእ፣ ለሶላት ትጥበታቸው፣ ያስቀመጧትን ውሃ አንስተው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ጠፍሩ ላይ አፈሰሱት።

"ኧረ እማማ፣ የሶላትዎ ውሃ!"

"ለእኔ አፈር ይበቃኛል፤ አላህ ውሃ ላጣ ሰው ፈቅዷል። አንቺ ብቻ አትንቀሳቀሺ። ይጠጣ።"

መሬቱን በመዳፋቸው መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፤ ሰገዱ። ጠፍሩ ጠጣ። ጠጥቶ ጠጥቶ ላላ። ሰግደው ሲጨርሱ በጥፍራቸው እየሳቡ አወለቁልኝ።

ጠባቂው ሲገባ እንደ መቀነት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

"ይኸው ጠፍርህ፣ ልጄ። የእኔ ልጅ ያለበትን ግን አልነግርህም።"

እጄን አየና ተቀብሎ ወጣ። በማግስቱ ካቴና አመጡልኝ። ብረት ቢያንስ አይደርቅም።

ዛሬ ተፈትቼ ቤቴ ነኝ፤ ልጄም ከእኔ ጋር ነው። በበጋ፣ በቀትር፣ የጠፍር አልጋዬ ማንም ሳይተኛበት ቂጭ ሲል ውሃ አምጥቼ እረጭበታለሁ።

"እማ፣ ይበሰብሳል እኮ!" ይለኛል።

"ይበስብስ" እለዋለሁ።