ከሥዕሉ ግርጌ የተደፉት

የኮሶዬው ደብራችን የሣር ክዳን በነፋስ ተገፎ፣ ክረምቱ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ታቦቱ ላይ ሊዘንብ ነው። ካህናቱ ቆርቆሮ የሚገዛልን ሰው ፈልግ ብለው ወደ ጎንደር ሰደዱኝ፤ ማንን እንደምለምን ግን የነገረኝ የለም።

በየደጁ ተባርሬ ሲጨንቀኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፣ ስሙም ይጻፋል። አንድ ጊዜ የሰጠ ደግሞም ይሰጣል አልኩ። ደብር ለደብር እየዞርኩ፣ ቅዱሳኑን ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ፣ እግራቸው ሥር የተደፉትን ሰዎች ስም ሳነብ ሰነበትኩ። የሞተው ሞቷል፣ የቀረውን የጠላት ዘመን በልቶታል። በሕይወት አሉ የተባሉት አንዲት ወይዘሮ ብቻ ነበሩ፤ ግድግዳው ላይ የወርቅ ድሪ አጥልቀው ተሥለዋል።

ቤታቸው ስደርስ ዝናቡ ጀመረ። ጣሪያቸው ከእኛ ደብር የባሰ ነበር፤ ውሃው በመካከላችን ጠብ ጠብ ይላል። የመጣሁበትን ጉዳይ ሰምተው ጠብታው ሥር ገበቴ አኖሩ።

«ድሪዬ አሁንም ይታያል?» አሉኝ።

«ይታያል፣ እሜቴ። ወርቁ አልደበዘዘም።»

«ሸጋ ነው። ሥዕሉን ያሠራሁት እሱን ሸጬ ነው።»